የገብስ ውሃዬና የባለቤቴ ቅጽል ስም

ይህ ነገር የሆነው በደርግ ጊዜ፣ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ ስድስተኛ ወሬን እንደያዝኩ ነው። ባለቤቴ ተሾመ ካረፈ አሁን ስምንት ወሩ ነው። ለቅሶው ላይ አንድ የድሮ ጎረቤታችን፣ ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው፣ የዚያን ቀን ታሪክ አንስቶ ድንኳኑን በሙሉ አሳቀ። እኔም ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ሳቅሁ። ታሪኩ ግን እሱ እንደነገረው አልነበረም። እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ስለቀረሁ፣ ቀስ እያልኩም ቢሆን ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

የምንኖረው ጉርድ ሾላ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። ያኔ ከቤታችን ጀርባ ሰፈር የለም፤ ከአጥሩ ወዲያ የገብስና የጤፍ ማሳ ነው። ተሾመ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው። ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ የኋላ ወንበር ይዞ፣ እጅ አውጡ ሲባል አውጥቶ፣ አውርዱ ሲባል አውርዶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሰው ፊት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ስድስተኛ ወሬ ላይ ሽንቴን ያቃጥለኝ ጀመር። በየደቂቃው ያስሮጠኛል፤ ስደርስ ጠብታ ነው። ጠብታዋም እንደ ሚጥሚጣ ታንገበግበኛለች። ከዚያ በፊት አንድ ጽንስ በአራት ወሩ ወርዶብኝ ስለነበር፣ ሆዴን ቁርጥ ባደረገኝ ቁጥር እጄን ጭኜ ልጁ እስኪንቀሳቀስ እጠብቅ ነበር።

ሐኪም ቤት ለምን አልሄድሽም ትሉኝ ይሆናል። ለመታከም የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልገኝ ነበር፤ ደብዳቤውን ለማጻፍ ደግሞ ምንሽን ነው የሚያምሽ ይባላል። ጸሐፊው የሰማውን የማያሳድር ሰው ነው። በዚያ ዘመን ሽንቴን አቃጠለኝ ያለች ሴት በአንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠረጠረው፤ እሷ ካልሆነችም ባሏ። ተሾመ ደግሞ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወርዶ አንድ ወር ሙሉ ቆይቶ መመለሱ ነበር። ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ማንም ሳይለኝ እኔው ለራሴ ብዬዋለሁ። ስለዚህ ለእሱም ደበቅሁት።

የነገርኳቸው እትዬ ብርቄን ብቻ ነው። ጎረቤታችን ነበሩ፤ ሰባት ልጅ የወለዱ። "ብርድ ነው፣ ሲሚንቶ ላይ ስትቀመጪ ነው የገባብሽ" አሉኝ። ያልተፈተገ ገብስ አጥቤ፣ ውሃው እስኪደፈርስ ቀቅዬ፣ አጥልዬና አቀዝቅዤ ቀኑን ሙሉ እንድጠጣ አዘዙኝ። የሚቀቀል ሥርም ያውቁ ነበር፤ ሆዴን አይተው ግን ለእርጉዝ አልሰጥም ብለው ተዉት። በርበሬም ከለከሉኝ። "ደግሞ ጠጥተሽ እንዳትይዢው" አሉ። "ያጠበውን ይዞ ይውጣ እንጂ።"

አምስት ቀን ጠጣሁ። ማቃጠሉ ረገብ ያለልኝ መሰለኝ። ተሾመ ድስቱን አይቶ ምንድን ነው ሲለኝ፣ የእርጉዝ ጥማት ነው አልኩት። በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ገብስ ይዞልኝ መጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ሰው እንዲህ ደግ የሚሆነው ሲበድል ነው ብዬ አሰብኩ።

እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። አጭር ነው ስለተባለ፣ ከቤት ስወጣ የጠጣሁትን ሦስት ኩባያ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። አዳራሹ ሲሞላ በሩ ተዘጋ። ሊቀመንበሩ ተነስቶ፣ ጉዳዩ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ስለሆነ እስኪያልቅ ማንም እንደማይወጣ ነገረን። የሚወጣ ሰው ልጆቹን ሽሹ ሊላቸው ነው ማለት ነው። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎች ቆሙ።

አንድ ሰዓት ያህል ቻልኩ። ከዚያ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ከፊታችን የነበረች አንዲት እናት፣ ልጄ ታሟል፣ መድኃኒት ላድርስለት ብላ ተነሳች። ስሙ ማን ነው፣ ዕድሜው ስንት ነው ተባለችና ልጇ እዚያው ተመዘገበ። ያን ካየሁ በኋላ እጄን የማወጣበት አቅም አጣሁ። ቢያመልጠኝ ውርደቱ፣ ብይዘው ደግሞ ልጄ ምን ይሆናል እያልኩ የነጠላዬን ጠርዝ ነከስኩ። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም ነበር።

ተሾመ ዞር ብሎ አየኝ። መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ ያጣበቅሁትን ጉልበቴን አየ። ከዚያ እጁን አወጣ። እጅ አውጡ የተባለ መስሎት ነው ብዬ ደነገጥኩ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ሕመምተኛ ነኝ፤ ሽንቴን መያዝ አልችልም" አለ።

ሊቀመንበሩ በጥበቃ ታጅበህ ወጥተህ ተመለስ አለው። ተሾመ አልተቀመጠም።

"ባለቤቴም ትምጣ። ካመለጠኝ የምታጥበኝ እሷ ናት።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ልብስ ሰፊው ከኋላ ሆኖ፣ "ጓድ ፊኛን አሳልፉት፣ ጎርፍ ሳይወስደን" አለ። ሊቀመንበሩም ሳቁ አሸንፎት በእጁ ውጡ አለን።

ያጀቡን ጥበቃ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። ከአዳራሹ ጀርባ ሽንት ቤቱ ጋ ስንደርስ ተሾመ ቆመ፤ እኔ ሮጥኩ። ስወጣ ተሾመ ነጠላዬን ይዞ ቆሟል። ጥበቃው ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረዋል። ሳይዞሩ፣ "አንተም ገብተህ ውጣ። እኔ ያወጣሁት አንተን ነው" አሉት። ገብቶ ወጣ። ለማንም አልተናገሩብንም።

ወደ አዳራሹ ስንመለስ ተሾመ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሳምንቱን ሙሉ ዓይንሽን እየጠረግሽ ነው ከሽንት ቤት የምትወጪው። ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ።

"ፈርቼ።"

"ምኑን?"

"ቀበሌውን" አልኩት።

አመነኝ።

በማግስቱ ትኩሳት ያዘኝ፤ ወገቤን ለሁለት ከፈለኝ። ተሾመ ደብዳቤውን ራሱ አጽፎ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ነርሷ የምርመራውን ውጤት አይታ፣ ወደ ኩላሊቴ እየሄደ እንደሆነ ነገረችኝ። ስለ ገብሱ ስነግራት፣ ውሃ መጠጣቱ ደግ ነው፣ ይሄ ግን ያለ መድኃኒት አይለቅሽም፣ መቆየትሽ ለልጁም ያሰጋል አለችኝ። ተሾመ ደጅ መሆኑን አረጋግጬ፣ ከባል የሚመጣ እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ነፍሰ ጡሮችን በብዛት የሚይዝ ነው" አለችኝ። "ባልሽ ምን አጠፋ?"

አስተኝተው በመርፌ አከሙኝ። በሁለተኛው ቀን ልጁ ተንቀሳቀሰ፤ ያኔ ያለቀስኩትን ያህል አልቅሼ አላውቅም። ሴት ልጃችን በወሯ ተወለደች።

ቅጽል ስሙ ግን በዚያው ቀረ። በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ፣ ጓድ ፊኛን አስቀድሙት፣ አይችልም ይሉታል። እሱም አመስግኖ ይቀድማል። ከክፍለ ሀገር ክፉ በሽታ ይዞ መጣ ብለው ያሙትም ነበሩ። አንድ ቀን ሲበዛብኝ፣ እውነቱን ልናገር አልኩት። "ስኳር ቶሎ እያገኘንበት አይደል? ተይው" አለኝ። መንግሥት ሲለወጥ ጓዱ ቀረና ጋሼ ፊኛ ሆነ። እስኪሞት ድረስ ሲጠሩት ዞር ይል ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ልጄ ከጎኔ ነበረች። ሰው ከሄደ በኋላ፣ "አባዬ እውነት ያመው ነበር?" አለችኝ።

"ትንሽ" አልኳት።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የተሾመ ፊኛ አንድም ቀን ታሞ አያውቅም፤ የገደለው ልቡ ነው። እኔም የፈራሁት ቀበሌውን አልነበረም። ይህን ልነግረው የምችልበት ብዙ ዓመት ነበረኝ።