ድምፁ የተዘጋው ዘፋኝ

ካርቶኑን ስከፍት መጀመሪያ የወጣው የናፍታሊን ሽታ ነበር፤ እናቴ የቪዲዮ ካሴቱን ከጋቢዎቿ ጋር አስቀምጣው ኖሯል። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ አሮጌ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው አለ ሲሉኝ ሥራዬን ጥዬ ሄድኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲከነክነኝ የኖረ ጥያቄ ነበረኝና፦ ያ ፈረንጅ ምን ብሎ ነበር የሚዘፍነው?

ካሴቱን ዱቦ ሆስፒታል ትሠራ የነበረች ፈረንጅ ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ ለአባቴ የሰጠችው ነው። አባቴ የእንግሊዝኛ መምህርም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ስለነበር ስጦታው ከሁለት ከፈለው። ጸጉሩን እንደ ጃርት ያቆመ የሮክ ዘፋኝ ይዘፍናል፣ በየዘፈኑ መካከል ደግሞ ቁጭ ብሎ ቃለ መጠይቅ ይሰጣል። ቃለ መጠይቁ ለእንግሊዝኛችን ይበጃል፤ ዘፈኑ ግን ዓለማዊ ነው። ስለዚህ አባቴ ቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጣቱን ድምፅ መቀነሻው ላይ አድርጎ እንደ በረኛ ይጠብቅና፣ ወሬው አልቆ ዘፈኑ ሊጀምር ሲል ድምፁን ጭራሽ ያጠፋዋል። «ማየት ይቻላል፤ ዓይን አይዘፍንም» ይለን ነበር። አንዳንዴ ሲዘናጋ አንዲት የጊታር ድምፅ ታመልጠዋለች፤ እሷኑ ስናላምጥ እንሰነብታለን።

የምናየውስ ቢሆን! ዝናቡ ከመሬት ተነስቶ ወደ ሰማይ ይዘንባል፤ ሰውየው ጊታሩን ሳፋ ውስጥ በሳሙና ያጥባል፤ ከዚያ የኋሊት እየተራመደ በር የሌለው ቤት ውስጥ ይገባል። ለምን እንደሆነ በቃለ መጠይቁ ሲያስረዳ ለአባቴም አይገባውም ነበር መሰለኝ፣ «ጥልቅ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ምስጢሩን የፈታችልን ታላቅ እህቴ አማረች ናት። ሰውየው ላሙ ጠፍታበታለች አለች፤ የኋሊት የሚሄደውም ዱካዋን እየፈለገ ነው። አፉን በከፈተ ቁጥር ስለ አንዲት ቀይ ላም በወላይትኛ የፈጠረችውን ዘፈን ታዜምለታለች፣ ከከንፈሩ ጋር ግጥም ይላል። አባቴም ስለ ላም መዝፈን ዓለማዊ ይሁን አይሁን እያሰላሰለ፣ ሳይታወቀው በእግሩ መሬቱን መታ መታ ያደርጋል።

ያን ዕለት ካሴቱ የተገለበጠበትን ፍላሽ ቤቴ ወስጄ ድምፁን ከፈትኩ። ይጮሃል ያልኩት ሰው ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ ብሎ ያንጎራጉራል። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ባዳ ሆነብኝ፤ ላሟ የለችበትም። ቦምቤ ከተማ ለምታስተምረዋ ለአማረች ደውዬ ዘፈኗን እንድታዜምልኝ ለመንኳት።

«ኧረ የቱን? ተረስቶኛል እኮ!» ብላ ሳቀች። «አባባ ነበር የሚችላት። አንተ ለትምህርት አዲስ አበባ ከሄድክ በኋላ ከብት ሲያስገባ ሁሌ እሷን ነበር የሚላት።»

አባባ ዘፈን ሲል ሰምቼው አላውቅም። ካረፈም ቆይቷል። ስልኩን ዘግቼ የዘፈኗን ቃል ላስታውስ ብሞክር ከ«ቀይ ላም» ወዲያ አልሄድ አለኝ። ድምፁን ዘጋሁትና እንደ ድሮው ተጠግቼ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ወደ ላይ ዘነበ፣ ሰውየው ጊታሩን አጠበና አፉን ከፈተ። የሚዘፍንለት ግን አልነበረም።