ካፖርቱ መድረክ የወጣ ዕለት

ቡታጅራ ገበያ ገብቼ የበርበሬ ጆንያ ሲራገፍ አፍንጫዬን ካቃጠለኝ፣ አስነጥሼ ሳልጨርስ የአባባ ካፖርት ትዝ ይለኛል። አባባ በርበሬ ነጋዴ ነበር፣ ያ ጥቁር ካፖርቱም ከሩቅ ያስነጥስ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። የቀበሌያችን ኪነት፣ ንግግሩ ሁሉ በዜማ የሆነ ድራማ ክረምቱን ሙሉ ሲያጠና ከረመ፤ ታሪኩ ሕዝብ ስለሚበዘብዝ ነጋዴ ነበር። ታላቅ እህቴ ዘምዘም ድምጿ ያማረ ስለነበር፣ ነጋዴው ሲገባ «ይውደም!» ብላ እንድታዜም ታዘዘች። እምቢ ማለት ያኔ የት አለና! ይባስ ብሎ የቀበሌው ሊቀመንበር ለነጋዴው ልብስ የአባባን ካፖርት አስመጣ። ዘምዘም ከልምምድ በተመለሰች ቁጥር «አባባን እኮ ነው የምሰድበው» እያለች ታለቅስ ነበር፤ አባባም «ዝፈኚ ልጄ፣ ካፖርት ቢሰደብ አይሞትም» እያለ ያባብላት ነበር። እኔ ግን ፈርቼ ነበር፤ አንድ ጎረቤታችን ነጋዴ ተወስዶ አልተመለሰም።

መስከረም ጠብቶ የአብዮት በዓሉ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ፤ መቅረት አይቻልማ! አባባ ከኋላ ተቀምጧል። ዘምዘም መድረኩ ላይ በርጩማዋ ላይ ሆና ስትጠብቅ፣ ያ ካፖርት ከነሽታው ገባ። ትልቅ ሰው ሲገባ ተነሱ እየተባልን ነው ያደግነው፣ እህቴ ሳታስበው ብድግ ብላ «ኖር!» አለች። አዳራሹም በልማዱ ግር ብሎ ተነስቶ «ኖር!» አለ። አባባ ደግሞ የለመደው አፉ ቀድሞት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከኋላ «ኧረ በአላህ! ተቀመጡ!» አለ።

ጉድ ፈላ! ሁላችንም ወደ ፊተኛው ወንበር፣ ወደ ሊቀመንበሩ ዞርን። እሱም ቆሟል፤ ቆቡን አውልቆ! ማን ማንን ይክሰስ? መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ነው፣ ከዚያማ ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ዘምዘም «ይውደም!» ሳትል መጋረጃው ተዘጋ፣ አባባም ካፖርቱን ደርቦ ቤቱ ገባ።

ዛሬ አባባም ካፖርቱም የሉም። አዳራሹ አለ፣ ልጆችም ለዘመኑ ሹማምንት ይዘፍኑበታል። በቀደም ለስብሰባ ተጠርቼ ዘግይቼ ብገባ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። መድረኩ ጥግ ተቀምጣ የመዝፈን ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ልጅ ብቻ፣ ሽበቴን አይታ ብድግ አለችና «ኖር!» አለችኝ። እንባዬ መጣ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ኧረ በአላህ፣ ተቀመጪ» አልኳት፤ ድምፄ የአባባን መሰለኝ።