የሃና ፉከራ

ማራኪ በሚባለው ሰፈራችን የትነበርሽን የማያውቅ ወላጅ የለም። ከትምህርት ቤት መልስ ልጆቻችንን የምትረከበን እሷ ናት። በተከራየችው አዳራሽ እስክስታ ታስተምራለች፣ ድራማ ታለማምዳለች። አንገቱን ደፍቶ የገባ ልጅ ትንሽ ከሰነበተ ቤት አላስቀምጥ ይላል፤ የኔዋን ጉድ አይቻለሁ። ትዳሯም ልጇም ይኸው አዳራሽ ነው። ከበሮ የሚመታላት አስናቀው ይባላል። አዳራሹን አብረው ከፈቱ፣ ጣራው ሲያፈስ አብረው ባልዲ ደቀኑ። እንደ ወንድሟ ታምነው ነበር። እኔ ግን ያን ሰውዬ ሳየው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የገና ሰሞን ለወላጆች ቀን ልጆቹ በየተራ ሊፎክሩ ሆነ። ፉከራ ደግሞ የአባት ስም ይፈልጋል፤ «ዘራፍ! የእገሌ ልጅ!» ይባላል። ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ወለላ ናት፤ የልጇ የሃና አባት ገና ሳትወለድ ጥሏቸው ሄዷል። ልጅቱ በልምምዱ ላይ ተራዋ ሊደርስ ሲል ሽንት ቤት መሄድ አበዛች። የትነበርሽ ነቃች።

«ያሳደገሽ ማን ነው?» አለቻት።

«እማዬ።»

«እንግዲያ በእሷ ፎክሪ።»

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት! «ዘራፍ! የወለላ ልጅ!» እያለች ግቢውን አናወጠችው። ወለላ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልብስ የምታጥብ ሴት ናት። የሳሙናው አረፋ እጇ ላይ እንዳለ ቆማ ትሰማና እንባዋ ይመጣል። የዝግጅቱ ቀን ሥራዋን ትታ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ነበርኩ።

ልጆቹ ፎከሩ። የሃና ተራ ግን ታለፈ። ከኋላ ቆማ ታጨበጭባለች፤ እናቷን ላለማየት መሬት መሬቱን ታያለች።

«ምነው? ምን አጥፍታ ነው?» አለችኝ ወለላ።

የትነበርሽ ከመጋረጃው ጀርባ ትንንሾቹን ስታለብስ ቆይታ ብቅ ስትል ሁሉም አልቋል። በቀጥታ ወደ አስናቀው ሄደች።

«ሃናን ማን አስቀራት?»

«እኔ ነኛ። በእናት ስም ሲፎከር የት አይተሽ ታውቂያለሽ? እነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎች ፊት መሳቂያ ልታደርጊን?»

«እሷንስ ምን አልካት?»

«እትዬ የትነበርሽ ቅሪ ብላሻለች አልኳት። የምትሰማው ያንቺን ቃል ነው።»

በእኛ ፊት ነው ይህን ያለው፣ ምንም ሳያፍር። የትነበርሽ ፊቷ አመድ መሰለ።

በማግስቱ ግቢያችን መጣች። እናቷ ነግራት ያላመነችው ሃና በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

«እኔ አላልኩም፣ ሃንዬ። በስሜ ዋሽቶሽ ነው። እንኳን ላስቀርሽ፣ ያንቺን ፉከራ ስጠብቅ ነበር።»

ልጅቱ ለአፍታ ያመነቻት መሰለኝ። ፊቷ በራ።

«ታዲያ አባረሩት፣ እትዬ?»

የትነበርሽ ነጠላዋን አስተካከለች። «ጥምቀት ደርሷል። ልጆቹ አደባባይ ይወጣሉ፤ ያለ ከበሮ አይሆንም። እስከዚያ ብቻ…»

«እንግዲያ እርስዎም ከእሱ ጋር ነዎት» አለችና ሃና በሩን ዘጋችው።

የትነበርሽ በር ላይ ቆማ ቀረች። ያን ቀን «ነይ ግቢ» ያላት ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኳትም።