የአባቴ ምንሽር በሰው ትከሻ

በ1970 ዓ.ም. ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። የሦስት ልጆች አባት ነበርሁ፤ በሬም ማሳም ነበረኝ። ይህን የምለው፣ ነገሩን በልጅ ዓይን ነው ያየው እንዳይባል ነው። ፊደል የቆጠርሁት ከዚያ በኋላ ደርግ ባመጣው መሠረተ ትምህርት ስለሆነ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሡኝ። ፊደል አስተማረኝ ብዬ ግን አፌን አልዘጋለትም።

ያን ዓመት በጥር አባቴ ሞተ።

አባቴ ተወልዶ ያረጀው ፎገራ ሜዳ ላይ ነው፤ ቤታችን ከወረታ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። ክረምት ርብ ሲሞላ ሜዳው ባሕር ይሆናል። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ የሚተወው ጭቃ ጉልበት ይውጣል። በዚያ ጭቃ ውስጥ አባቴ ባንድ ደህና እግሩ ያርስ ነበር። የግራ ጉልበቱን በጣሊያን ጊዜ ጥይት በልቶታል። በየዓመቱ አዝመራው ሲገባ ወንዛዬ ፍል ውሃ ብቻውን ሄዶ ሰንብቶ ይመጣል። ተሻለህ ወይ ሲሉት፣ እግሩስ ያው ነው፣ እኔ ግን አርፌ መጣሁ ይላል።

ከበሬዎቹ ኋላ ሆኖ ውዳሴ ማርያም ይደግማል። በሬው ሲሰንፍ ጸሎቱን ያቋርጥና ይሰድበዋል፤ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል። የንስሐ አባቱ ይህን ሰምተው ቢቆጡት፣ «አባ፣ እመቤታችን የገበሬን ነገር ታውቃለች፤ የማያውቀው በሬው ነው» አላቸው። በሚካኤልና በማርያም ቀን ሞፈር አይነካም። በሌላው ቀን ግን ጀንበር ቀድማው ማሳ ደርሳ አታውቅም። ሰባት ልጅ አሳድጎ ሰባታችንንም ጎጆ አስወጥቷል። የራሱን እርሻ ሲጨርስ የጎረቤታችንን የባልቴቲቱን ማሳ ያርስላታል። ባሏ ሲሞት አንድ ልጇ ገና በጀርባዋ ነበር። ልጁ አድጎ ሞፈር እስኪይዝ እኔ አርሳለሁ አላት። ልጁም ሞፈር ለመያዝ አልቸኮለም።

ስለ አርበኝነቱ ፎክሮ አያውቅም። ጣሊያን ሲገባ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ጫካ ወረደ፤ የተመለሰው የወንድሙን ምንሽር ጠመንጃ ይዞ ብቻውን ነው። አጎቴ እዚያው ጫካ በችኮላ አፈር ለበሰ። ፍትሐት ኋላ ተደረገለት፤ የተለቀሰለት ግን የለም። በኛ አገር ወንድ ሲሞት ጠመንጃው በለቅሶው መካከል ይዞራል። አልቃሿ ጠመንጃውን እያየች ሙሾ ታወርዳለች፤ ወንዱም እፊቱ ይፎክራል። ሬሳው የቀረበት ሰው እንኳ ጠመንጃው ከተገኘ በሱ ይለቀስለታል። በጣሊያን ጊዜ ሰው ሰብስቦ የሚያለቅስ አልነበረም። አገር ከቀና በኋላም አባቴ፣ ከኔው ጋር ይሁን አለ። እኔ ስሞት ምንሽሩን አውጡት፣ ለሁለታችንም ባንድ ላይ አልቅሱልን ብሎ ለልጆቹ ሁሉ ተናዘዘ። ካንድ ለቅሶ በቀር የጠየቀን ነገር የለም።

ደርግ መጣና መሣሪያ አስረክቡ ተባለ። ስንቱ ጠመንጃውን ቀበረ፣ ስንቱም ይዞ ሸፈተ። አባቴ ምንሽሩን ወልውሎ በጋቢ ጠቀለለና ወደ ወረታ ይዞት ሄደ። አብሬው ነበርሁ። እምቢ በል ብዬ መንገዱን ሙሉ ጨቀጨቅሁት፤ እግዜር ያላቆመው መንግሥት የለም አለኝ። በዚህ ያኔም አልተስማማሁም፣ ዛሬም አልስማማም።

ቢሮ የነበረውን ሹም አንድ ነገር ብቻ ለመነው፤ ስሞት ለለቅሶዬ ላንድ ቀን አውጡልኝ፣ ልጆቼ ያንኑ ቀን ይመልሱላችኋል አለ። ሹሙ ተነሥቶ እጁን ጨበጠና፣ «እሺ አባቴ፤ የርስዎ ቃል መሬት አይወድቅም» አለው። መሣሪያውን ይዞ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰምቷል። አባቴም አመነና ቀልሎት ወደ ቤቱ ገባ።

ያን ጥር፣ ዓርብ ዕለት አብረን ጤፍ ስንወቃ ዋልን። ቅዳሜ ጧት ለጸሎት እንደቆመ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። እናቴ ዛሬ ጸሎቱ ረዘመ እያለች ቁርሱን ይዛ ትጠብቀው ነበር።

ለሐሙሲትና ለአንበሳሜ ዘመድ ሰው ተላከ፤ ቀብሩም ለእሑድ ተባለ። እኔ ሬሳውን ለእናቴና ለወንድሞቼ ትቼ ምንሽሩን ላመጣ ወደ ወረታ ገሠገሥሁ።

ቃል የሰጠው ሹም ተዛውሮ በቦታው ሌላ ተቀምጧል፤ በዕድሜ ከኔ ያንሳል። የአባቴን ልመናና የተሰጠውን ቃል ነገርሁት። እሱ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ በጠመንጃ ማልቀስ የፊውዳል ልማድ እንደሆነ አስረዳኝ። አባትህ አርበኛ ከነበረ አብዮቱ ያከብረዋል፤ ከፈለግህም ንግግር የሚያደርግ ጓድ እንልክልሃለን አለ።

«አባቴ ንግግር አይወድም» አልሁት። «ምንሽሩን ይስጡኝ።»

«መሣሪያው ለሰፊው ሕዝብ ተሰጥቷል።»

«እንግዲያው የሰፊውን ሕዝብ ቤት ያሳዩኝ፤ ሄጄ ልለምነው።»

በር ላይ የቆመው ዘበኛ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሹሙ ግን ውጣ አለኝ።

የፊውዳል ልማድ! አባቴ ማንን ገዝቶ ነው? አንድ ጭሰኛ አልነበረው፣ አንድ አሽከር አልነበረው። ለሰው ያረሰ እንጂ ሰው ያረሰለት አይደለም። ያ ልጅ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጭቃ ያልነካ ጫማውን እያወዛወዘ አባቴን ፊውዳል አለብኝ። ይኸው አርጅቼም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እሑድ ለቅሶው ሜዳ ላይ ወጣ። አልቃሿ ያችው ጎረቤታችን ባልቴት ነበረች፤ በዚያ አገር እንደሷ ሙሾ የሚያወርድ አልነበረም። እኛ ልጆቹ ጋቢውንና በትሩን ይዘን ቆምን። ምንሽሩ የሚዞርበት መካከሉ ግን ባዶ ነው። የመጣ ዘመድ ሁሉ መካከሉን ያይና ወደኔ ያያል።

ያን ጊዜ ሰው የተሰበሰበበት ሁሉ ሹሞቹን ያስፈራቸው ነበርና የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከወረታ አብዮት ጥበቃ ይዞ መጣ። ጠባቂው የባልቴቲቱ ልጅ ነው። ከተማ ገብቶ አብዮት ጥበቃ ከሆነ ወዲህ ሰፈራችንን ረግጦ አያውቅም ነበር። ትከሻው ላይ ያነገተውን ሳየው የአባቴ ምንሽር ነው። የምንሽሩን ሰደፍ፣ የተሰነጠቀውን፣ አባቴ በመዳብ ሽቦ አስሮት ነበር። ሽቦው ፀሐዩ ላይ ያብረቀርቃል። እናቴም አይታው ኖሮ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሄጄ ፊቱ ቆምሁ። ለለቅሶው ስጠኝ፣ ሬሳው ሲነሣ እመልስልሃለሁ ብዬ በደህና ቃል ለመንሁት።

«አያ፣ እባክህ አትድረስብኝ» አለ። «የመንግሥት ነው፤ ከእጄ ከወጣ የምታሰረው እኔ ነኝ።»

«የማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

ባያውቅ ምናልባት እተወው ነበር። ማንገቻውን ጨበጥሁት፤ እሱም ጨበጠ። ሊቀመንበሩ ያዙት እያለ ሲያንባርቅ ወንድሞቼ ወገቤን ይዘው ጎተቱኝ። ሙሾው ቀጥ አለ።

ያን ጊዜ ባልቴቲቱ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ መጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ታጥቃለች። ልጇ ፊት ስትቆም ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«አትስጠው» አለችው። «መንግሥትህ ያስርሃል፤ አትስጠው። አንተው እንደተሸከምኸው ግባና ዙር።»

«እምዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

«ሥራ ላይ የነበረውስ ያ የተኛው ነው፤ የበላኸውን ጤፍ ያረሰው። ግባ።»

ሊቀመንበሩ ወደ ዳር ፈቀቅ አለላት። አልቃሽን የማይፈራ የለም። ሰውን አንዴ ሙሾዋ ውስጥ ካስገባችው እስከ ልጅ ልጁ ሲባልበት ይኖራል።

ልጁ ገባ። አንገቱን ደፍቶ፣ የአባቴን ምንሽር እንዳነገተ፣ በለቅሶው መካከል መዞር ጀመረ። እናቱም ከኋላው እየተከተለች አወረደችው፦

መጣህ ወይ ምንሽር ጌታህን ልትቀብር፣
በሰው ትከሻ ላይ ከርመህ ስትዞር።

ቀጥላ አጎቴን ጠራችው። ሜዳው ተናጋ። ከአባቴ ጋር ከዘመቱት የቀሩት አንድ ሽማግሌ ከአንበሳሜ በበቅሎ መጥተው ነበር። ደግፈው አወረዷቸው። ሰደፉን ስመው ለሁለቱም ወንድማማቾች ፎከሩላቸው። አባቴ ጉልበቱን ተመትቶ ሳለ፣ የቆሰለ ወንድሙን በጀርባው አዝሎ ቀኑን ሙሉ እንደሄደ፣ ሲያወርደውም ሞቶ እንዳገኘው ያን ቀን ከሳቸው አፍ ሰማን። እኛ ልጆቹ ይህን አናውቅም ነበር። ለምን ወንዛዬ ሲሄድ ብቻውን መሄድ እንደሚወድም አናውቅም ነበር፤ ይህን ግን አሁንም አላውቅም።

ልጁ ሲዞር አለቀሰ ይላሉ። እኔ አላየሁም። ቢያለቅስም፣ አባቴ አፈር ገብቶ ሲያበቃ ምንሽሩን እንዳነገተ ከሊቀመንበሩ ኋላ የወረታን መንገድ ጀመረ።

ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ፣ ተመስገን በል፣ አባትህ በምንሽሩ ተለቀሰለት፣ አጎትህም ለቅሶውን አገኘ አለኝ። ልክ ነው፣ አገኘ። ግን በማን ደግነት? ጣሊያንን የወጋ ሰው፣ የገዛ ጠመንጃውን በእጁ አስረክቦ ቃል የተቀበለ ሰው፣ ለቀብሩ በአልቃሽ ቁጣ ነው ወይ የሚያገኘው? ባልቴቲቱ ያን ቀን ታማ ብትውልስ? ቃሉንስ ማን ጠበቀው? ይህን ስል ዘመዶቼ፣ በሐዘን ቀን አትቆጣ ይሉኛል። በሐዘን ቀን ካልተቆጣሁ በሠርግ ልቆጣ ነው?

ማታውን ሊቀመንበሩ፣ ከመንግሥት ጠባቂ መሣሪያ ሊቀማ ሞክሯል ብሎ እንደከሰሰኝ ሰው መጥቶ ነገረን። የአባቴ የንስሐ አባት ወደ ጥግ ወሰዱኝና፣ ነገሩ እስኪበርድ አንበሳሜ ዘመድ ቤት ሰንብት ብለው መከሩኝ።

«ልጅ ሣልስቱ ሳይወጣ ከለቅሶ ቤት አይወጣም» አሉ፤ «ነፍስህን ለማዳን ግን ብትወጣ እግዜር አይቆጣህም።»

«እወጣለሁ አባ» አልኋቸው።

በዚያው ሌሊት ዶሮ ሳይጮህ እናቴን ጉልበቷን ስሜ ወጣሁ። ወደ አንበሳሜ ግን አልሄድሁም። ወረታ ስደርስ ቢሮው አልተከፈተም፤ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። ሹሙ ቁልፉን እያወዛወዘ መጣና ቁልቁል አየኝ። ሳልነሣለት፣ «ቅዳሜ ለለቅሶ ነበር የለመንሁት» አልሁት። «ዛሬ ልወስደው መጥቻለሁ።»