የወይዘሮ ናሩሴ አሻንጉሊቶች

ጠባቂው ኦኪታ የሙዚየሙን የታችኛውን አዳራሽ መብራት ሊያጠፋ ሲወርድ፣ ባዶ ነው ብሎ ባሰበው አዳራሽ ውስጥ ሰው አገኘ። አንዲት አጠር ያሉ ባልቴት ከመስታወቱ ሣጥን ፊት ቆመው፣ ካፖርታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ይጠቀልላሉ። እግራቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አለ፤ ከቋጠሮው ስስ ነጭ ወረቀትና የላባ መጥረጊያ ብቅ ብሏል።

"እናቴ፣ ልንዘጋ ነው" አላቸው።

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው አሁን የመጣሁት። ቁልፉን ይዘሃል አይደል?"

ሣጥኑ ውስጥ፣ ቀይ ጨርቅ በለበሱ ሰባት ደረጃዎች ላይ፣ አሻንጉሊቶቹ እንደየማዕረጋቸው ተቀምጠዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ ከላይ፣ ደንገጡሮቹ፣ ሙዚቀኞቹና ዘበኞቹ ከታች። ሙዚየሙ ወርቅ ቅብ መጋረጃ አለው፣ የጥንት ሸክላና የሐር ላይ ሥዕል አለው፤ ዘንድሮ የካዋጎዬ ከተማ ሰው የተሰለፈው ግን ለእነዚህ ነው። በመከር አንዲት የአውቶቡስ ሹፌር በመኪና ጭና አምጥታ፣ "ናሩሴ" ብላ ፈርማ ሄዳለች። የሹፌሯን እናት ግን ኦኪታ እስከ ዛሬ አይቷቸው አያውቅም ነበር።

"የልጃገረዶች በዓል ዛሬ ነው" አሉ ወይዘሮ ናሩሴ። "ፀሐይዋም ልትጠልቅ ነው። እናንሳቸው እንጂ።"

ያኔ ኦኪታ ገባው። ለበዓሉ የተደረደሩት አሻንጉሊቶች በዓሉ አልፎ ሳይነሡ ከቆዩ የቤቱ ልጅ ባል ሳታገኝ ትቀራለች ይባላል፤ ሴት ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ትርኢቱ ግን የሚዘጋው ከሳምንታት በኋላ፣ የቼሪ ዛፎቹ ሲያብቡ ነው፤ ለነገ ጠዋትም የተማሪዎች ቡድን ተቀጥሯል።

"አሁን እኮ የሙዚየሙ ናቸው፣ እናቴ። ልጅዎን የሚነካት ነገር የለም።"

"የሙዚየሙ ልጅ ማናት ታዲያ?"

"ሙዚየም ምን ልጅ አለው?"

"አንተስ?"

"ሦስት ሴቶች አሉኝ።"

ባልቴቷ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "ምስኪን" አሉ። "ሦስቱንም ስትቀልብ ልትኖር ነው።"

ኦኪታ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። አግዳሚው ላይ አስቀመጣቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ።

ወይዘሮ ናሩሴ እንደነገሩት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባላቸው ጋር ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ሲሠሩ ኖረዋል፤ በክረምትም በበጋም ጎህ ሲቀድ እጃቸው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነው። አሻንጉሊቶቹን አያታቸው ሲዳሩ ነው ይዘዋቸው የመጡት። ባላቸው በታመሙበት ዓመት የሚያነሳቸው ጠፍቶ፣ የፕሪም አበባው እስኪረግፍ ድረስ እንደተደረደሩ ቆዩ። በዚያው ዓመት የልጃቸው የሳዮኮ እጮኛ ሐሳቡን ቀየረ። ከዚያ ወዲህ ከበዓሉ በኋላ አንድም ሌሊት አላሳደሯቸውም። ባላቸው ሲሞቱ ቶፉ ቤቱ ተሸጠ፤ አሁን ከልጃቸው ጋር የሚኖሩበት አፓርታማ ሰባት ደረጃ የሚዘረጋበት ቦታ የለውም።

"ልጄን ለሙዚየም ስጪያቸው ያልኳት ራሴ ነኝ" አሉ። "ሙዚየም ዕቃ ማውጣት እንጂ መክተት እንደማያውቅ ማን ነገረኝ? ዘንድሮ ደግሞ ሳዮኮን የሚፈልግ ሰው አለ። ጣራ ይጠግናል፤ ሚስቱ ሞታበታለች። እሁድ እሁድ የተጠበሰ ስኳር ድንች ይዞ ይመጣል። ደህና ሰው ነው፤ ትንሽ ያንኮራፋል ይላሉ።"

"ማን ነው የሚለው?"

"ጎረቤቶቹ ናቸዋ።"

ኦኪታ አሰበና፣ "ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ብናዞርስ?" አለ። "የራሴ እናት ጊዜ ሲያጥራት እንደዚያ ታደርግ ነበር። ጀርባ ከሰጡ ተኝተዋል ማለት ነው። ጠዋት ልጆቹ ሳይመጡ እመልሳቸዋለሁ።"

"ጠዋት ከነቁማ ምኑን ተኙት?"

እሱም ቢሆን ሦስቱ ልጆቹ ከሐሳቡ አልወጡም። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ገና እየተነሳ ሳለ ሳዮኮ የሹፌር ልብሷን እንደለበሰች፣ ነጭ ጓንቷን ሳታወልቅ ገባች።

"እማዬ፣ ስልክሽን ለምን አታነሺም? ከተማውን ስዞር ዋልኩ።"

"ከተማውን መዞርማ ሥራሽ ነው።"

ሳዮኮ ቋጠሮውን አየች፤ የኦኪታን ቁልፍ አየች። ከእናቷ ጎን ተቀመጠችና፣ "ሰውዬውን እምቢ ብዬዋለሁ" አለች።

"መቼ?"

"ከሁለት ወር በፊት፣ በአዲስ ዓመት ማግስት። ያኔ እነዚህ ገና ሳይደረደሩ እንደተጠቀለሉ ነበሩ፣ የእነሱ እጅ የለበትም። የፊተኛውን እጮኛዬንም የተውኩት እኔ ነኝ፣ እማዬ። እሱ ተወኝ ያልኩሽ አባዬን እያስታመምሽ ሌላ ጭቅጭቅ እንዳይጨመርብሽ ብዬ ነው።"

ወይዘሮ ናሩሴ ወደ አሻንጉሊቶቹ ዞሩ። ኦኪታ መሄድም መቆምም አቃተው።

"ደስ ብሎሽ ነው የምትኖሪው?" አሉ በመጨረሻ።

"ደስ ብሎኝ ነው። አውቶቡሱን እወደዋለሁ። ማታ ካንቺ ጋር እራቴን እበላለሁ።"

"ቴሌቪዥኑንም ትዘጊብኛለሽ።"

"እሱንም እዘጋለሁ።"

እናቲቱ የጠቀለሉትን እጅጌ ቀስ ብለው አወረዱ። "ከዚያ ዓመት ወዲህ በዓሉ ሳያልቅላቸው በግድ ሳስተኛቸው ኖርኩ" አሉ። "ይቀመጡ እንግዲህ። ሰው ይያቸው።"

ካፖርታቸውን ኦኪታ አለበሳቸው፤ ሳዮኮ ቋጠሮውን ያዘች። በሩ ጋ ሲደርሱ ባልቴቷ አንድ ነገር የከነከናቸው ይመስል ቆሙ።

"ድንቹን ታዲያ ለምን ያመጣል? እምቢ ካልሽው በኋላ እኮ ሁልጊዜ መጥቷል።"

"ካንቺ ጋር ማውራት ይወዳል መሰለኝ" አለች ሳዮኮ።

ወይዘሮ ናሩሴ ይህን ጥቂት አሰቡበት። ከዚያ ለኦኪታ ጎንበስ ብለው ተሰናበቱትና፣ "እሁድም ይምጣ እንግዲህ" አሉ። "እምቢ ያለችው እሷ ናት፤ እኔ አላልኩት።"