የባዮሎጂው መጽሐፍ ሕግ

አሁን የማስተምረው አሰላ ነው። እዚህ አብዛኛው ተማሪ ስልክ አለው፣ መጽሐፉም ስልኩ ውስጥ አለ። ስለ አሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሳስተምር ጥያቄዬን ሳልጨርስ መልሱን ያወጡታል፦ ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ፤ ኮንግረስ፣ ፕሬዚዳንት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት። ልክ ናቸው፣ ማርካቸውን እሰጣለሁ። እውነቱን ልናገር ካላችሁኝ ግን ይሰለቸኛል። እዚያ ምዕራፍ ላይ በደረስኩ ቁጥር ልቤ ወደ ሮቤ ይሸፍታል። ጭቃው ጫማ ወደሚያስቀርበት ግቢ፣ የእርጥብ ጃኬት ሽታ ወደሚያፍነው ክፍል።

ሮቤ የደረስኩት ከጎጃም ተመድቤ ነው፤ ኦሮምኛ አንድ ቃል አላውቅም፣ ቁጣዬ ግን በማንኛውም ቋንቋ ይሰማ ነበር። የሥነ ዜጋ መምህር ሆንኩ፣ የአንድ አሥራ ሁለተኛ ክፍልም ኃላፊ አደረጉኝ። ሃምሳ ስምንት ተማሪዎች ነበሩ። የአሜሪካን መንግሥት ምዕራፍ በቃላቸው ያነበንቡታል፣ ግን አልገባቸውም። አንዱ ተነስቶ፣ «ቲቸር፣ ፕሬዚዳንቱ ትልቁ ሰው ከሆነ ሕግ እንዲያወጡለት ለምን ይለምናቸዋል?» አለኝ። አስረዳሁት። በማግስቱ ያንኑ ጠየቀኝ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ! በሦስተኛው ቀን ደሜ ፈላና ጠመኔውን ወርውሬ፣ «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ክፍል አሜሪካ ነው» አልኳቸው።

«ሁሉም ተማሪ እኩል ነው» ብሎ የሚጀምር አጭር ሕገ መንግሥት ጻፍን። የመጡበት ቀበሌ ግዛታቸው ሆነ። ከከተማው ሠላሳ አራት ተማሪዎች ነበሩ፣ የቀሩት ከአራት የገጠር ቀበሌዎች። የተወካዮች ምክር ቤቱን መቀመጫ በብዛታቸው ልክ ደለደልኩ። ለሴኔቱ ግን ከእያንዳንዱ ግዛት ሁለት ሁለት ሰው አልኩ። ከሁሉ ሩቅ ከሆነው ቀበሌ የሚመጡት አንዲት ልጅና አንድ ልጅ ብቻ ስለነበሩ ሁለቱም ያለ ምርጫ ሴናተር ሆኑ። የከተማዎቹ ጮሁ፦ «እኛ ሠላሳ አራት ሆነን ሁለት፣ እነሱ ሁለት ሆነው ሁለት?» ደስታዬን አልቻልኩትም። «ይኸው ገባችሁ! ብዙው ጥቂቱን እንዳይውጠው ነው» አልኩ።

ፕሬዚዳንት ሆና የተመረጠችው የከተማ ልጅ ነች፣ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ቁምነገረኛ። አስፈጻሚ ናትና የመጽሐፍ ቁምሳጥኑን ቁልፍ ሰጠኋት። ሦስት ዳኞች አጨች፣ ሴኔቱ አጸደቀላት። የአሜሪካ ዳኞች ዕድሜ ልካቸውን ነው የሚቀመጡት፤ የእኛዎቹ ደግሞ እስኪመረቁ። ጥቂት ሳምንት ጨዋታው አማረልን። የጽዳት ተራ ሕግ ወጣ፣ የመስኮት መዝጋት ሕግ ወጣ።

ከዚያ የመጽሐፉ ነገር መጣ። ያን ዓመት ለክፍሉ የደረሱት የባዮሎጂ መጻሕፍት አምስት ብቻ ነበሩ። ስልክ ያለው በስልኩ ያነባል፣ የሌለው በተራ ወደ ቤቱ ይወስዳል። በፊተኛው ዓመት ገጠር የሄደ አንድ መጽሐፍ ዝናብ መትቶት አብጦ ነበር የተመለሰው። ስለዚህ አንድ ተወካይ ረቂቅ አቀረበ፦ የባዮሎጂ መጽሐፍ ከከተማ ውጪ አያድርም። ከገጠር የመጡት ሌሎቹ፣ የሩቁ ቀበሌ ልጅ ጭምር፣ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው ወይም ዘመድ ጋ ተጠግተው ስለሚኖሩ አልነካቸውም። ሕጉ በእውነት የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ ነበር፦ ያቺን ከሩቁ ቀበሌ የምትመጣ ሴናተር። በየቀኑ ሁለት ሰዓት በእግሯ ሄዳ፣ ወንዝ ተሻግራ ነው ቤቷ የምትገባው። ስልክ የላትም። ነርስ መሆን ትፈልጋለች፣ አባቷ የሰጣት ደግሞ ይህን አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ፈተናውን ካላለፈች ድጋሚ አያስተምራትም። ይህን ክፍሉ ሁሉ ያውቃል።

እኔ አልተጨነቅኩም። ሴኔት ለምን ተፈጠረና! ከአሥሩ ሴናተሮች ስምንቱ የገጠር ልጆች ናቸው፣ ይጥሉታል ብዬ ከኋላ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

ያላወቅኩት ነገር ነበር። እነዚያ ልጆች ከልጅነታቸው ጀምሮ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲመክር እያዩ ያደጉ ናቸው። ሲነጋገሩ ማንም የማንንም አፍ አይዘጋም፤ ተናጋሪው መጀመሪያ ከእሱ በፊት የተናገረውን ሰው መልካም ሐሳብ ያነሳል፣ ከዚያ የራሱን ይጨምራል። በዚህ ዓይነት ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ መከሩ። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ነገሩ አንድ ወገን ያዘ። እጅ አውጡ ሲባል የተወካዮች ምክር ቤት ሙሉ በሙሉ አወጣ። ሴኔቱም አሥሩም አወጣ። የእሷም እጅ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ነበር።

ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ፕሬዚዳንቷን ወደ በሩ ጠርቼ፣ «ሳትፈርሚ መልሺላቸው እንጂ፣ ሥልጣንሽ እኮ ነው» አልኳት።

«ቲቸር፣ ብመልሰው በሁለት ሦስተኛ ያጸድቁታል ብለው እርስዎ ነግረውናል» አለችኝ። «እነዚህ ሁለት ሦስተኛ አይደሉም፣ ሙሉ ናቸው። ለምን በከንቱ እጣላቸዋለሁ?» ፈረመች።

ወደ ዳኞቹ ሄድኩ። ሦስቱ ተያዩና አንደኛው፣ «ቲቸር፣ ፍርድ ቤት ከሳሽ ሳይመጣለት አፉን አይከፍትም ብለው አስተምረውናል። ማን ከሰሰ?» አለኝ። የገዛ ትምህርቱን መልሶ የሚያስተምረው ተማሪ ጠላቴንም አይግጠመው!

የቀረችው ሴናተሯ ራሷ ነበረች። በእረፍት ሰዓት አጥሩ ጥግ አግኝቻት፣ «ክሰሺ! ሕገ መንግሥታችን ሁሉም ተማሪ እኩል ነው ይላል። ከከሰስሽ ትረቻለሽ» አልኳት።

«ሚቲ፣ ቲቸር» አለች፣ አይሆንም ማለቷ ነው። «ተስማምተናል እኮ። እኛ ጋ ጃርሶሊ መክረው አንድ ከሆኑ በኋላ ዞሮ እኔ የለሁበትም ማለት ነውር ነው።» ጃርሶሊ የምትለው ሽማግሌዎቹን ነው።

«ፈተናውስ?»

ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። እንባዋን እንዳላይባት መሆኑ ገብቶኛል፣ ለዚያ ነው ይበልጥ የተናደድኩት።

አርብ ማታ ልትሄድ ስትል ቁልፉን ከፕሬዚዳንቷ እጅ ተቀብዬ፣ ቁምሳጥኑን ከፍቼ፣ አንዱን መጽሐፍ በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩት። ቀስ ብላ አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «እርስዎ ግን የትኛው አካል ነዎት?»

ሕግ አላወጣሁ፣ አስፈጻሚ አይደለሁ፣ ዳኛ አይደለሁ። ቁልፍ ነጥቄ እንደ ንጉሥ መስጠት ነበር ያማረኝ። እሷ ጭቃውን እየረገጠች ወደ ወንዙ ሄደች፣ እኔም ቅዳሜና እሁድን በእሷም በራሴም እንደተቆጣሁ አሳለፍኩ። ይህች ልጅ በግትርነቷ ዕድሏን ልታበላሽ ነው እያልኩ ከጎረቤቴ ጋር ሳይቀር ተነጫነጭኩ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ የረሳሁትን ጃንጥላ ልወስድ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ሌላ ቀን ከሩቅ የሚሰማው ጫጫታ የለም። በሩን ገፋ ሳደርገው ቁምሳጥኑ ተከፍቷል፣ አምስቱም መጻሕፍት ዴስክ ላይ ተዘርግተዋል፤ በየመጽሐፉ ዙሪያ ልጆች ተደፍተው ይጽፋሉ። ግማሹ ምሳውን አልበላም። ፕሬዚዳንቷ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ሕጉ መጽሐፍ ከከተማ ውጪ አይደር ነው የሚለው፣ ቲቸር» አለች። «በእጅ ስለተጻፈ ነገር ምንም አይልም።»

ለዚያች ሴናተር እየገለበጡላት ነበር። ከደብተራቸው መሀል ወረቀት እየገነጠሉ ምዕራፎቹን ተከፋፍለውታል። የከተማው ፎቶ ኮፒ ማሽን ከተበላሸ ሰንብቷል፣ እነሱ ግን ተጠግኖ እስኪመጣ አልጠበቁም። እሷም መሀላቸው ተቀምጣ የራሷን ድርሻ ትጽፋለች። ያን ረቂቅ ያቀረበው ተወካይ ስለ ኩላሊት የሚናገረውን ክፍል ይዞ ምላሱን አውጥቶ ይስላል።

ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን ያኔ በዓይኔ አየሁት። የልብን ሥዕል የሳለው ልጅ ድንች አስመስሎት ተሳቀበት፣ እንደገና አሳሉት። ከዳኞቹ አንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል ግድፈት ካላረምኩ ብሎ ሁሉንም አስቸገረ፤ ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ ሥራ አገኘ። እኔም ስጡኝ ብዬ ለምኜ ስለ ጨጓራ ስድስት ገጽ ጻፍኩ። የእጄ ጽሑፍ እንደማይነበብ ነግረውኝ ሁለቱን ገጽ አስደገሙኝ። በዚያ ብርድ ከልጆቹ መሀል ተጣብቄ ተቀምጬ ስጽፍ የተሰማኝን ደስታ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ክፍል አላገኘሁትም። እናፍቀዋለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሕጉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልተሻረም። የሻረው የለም፣ የተሸነፈም የለም።

ውጤት በመጣ ሰሞን ሴናተሯ በጮጮ እርጎ ይዛ ቤቴ መጣች። አልፋ ነበር። ሁለታችንም አለቀስን፣ ከዚያ ሳቅን፣ እርጎውን ጠጣን። ልትሄድ ስትነሳ ግን ሲከነክነኝ የከረመው ነገር አላስችል አለኝ።

«በአንድ ቀን ልታሸንፊ ትችይ ነበር እኮ» አልኳት። «ዳኞቹ ይፈርዱልሽ ነበር። መጽሐፉን በእጅሽ ታስገቢው ነበር። ምን አስጨነቀሽ፣ ለምን እጅሽን አወጣሽ?»

ነጠላዋን እያስተካከለች ሳቅ አለች፣ እኔ ታናሿ የሆንኩ ይመስል።

«መጽሐፉንስ አገኘው ነበር፣ ቲቸር» አለችኝ። «እጄን ባላወጣ ግን ማን ይጽፍልኝ ነበር?»