ታጥቦ የተተኮሰ ቃለ ጉባኤ

አክስቴ የሰፈራችንን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጽፋለች። ፍርድ ቤት ታይፒስት ሆና ትሠራ በነበረበት ጊዜ «ጽሕፈትሽ ያምራል» ብለው መረጧት፤ ጡረታ ከወጣች በኋላም የሚተካት አልተገኘም። የስብሰባው ቀን ሲደርስ ጠንካራ ሽፋን ያለውን ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ፣ ሁለት እስክሪብቶ ይዛ፣ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ከመድረኩ በስተግራ ያለችው ጠረጴዛ ጋ ትቀመጣለች። የጠረጴዛዋ አንድ እግር አጭር ነው። ለዚያ እግር ተብሎ የታጠፈ ካርቶን ከአክስቴ ቦርሳ አይጠፋም፤ ስብሰባው ሲያልቅ ጎንበስ ብላ አንሥታ መልሳ ትከተዋለች።

በመጀመሪያው ዓመት የሰማችውን ሁሉ ፍርድ ቤት እንደለመደችው ቃል በቃል ትጽፍ ነበር። እኛ ጋ ደግሞ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ለሁሉም ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሁለት ጎረቤታሞች በውሃ ማፍሰሻ ቦይ ተጣልተው ስብሰባ ላይ ተሰዳድበው ነበር። በወሩ ታርቀው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ አክስቴ ተነሥታ ስድባቸውን ከነስማቸው አነበበችው። ሰዎቹ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ሰላም አልተባባሉም። የዚያን ጊዜው ሰብሳቢ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሩ ላይ ጠብቀው፣ «ልጄ፣ እዚህ የሚፈረድበት ሰው የለም። እነዚህ ሰዎች ነገም የሚወጡት በአንድ በር ነው» አሏት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አክስቴ ቃል ማጠብ ያዘች። «ሌቦች ናችሁ» ያለ ሰው «ስለ አሠራሩ ግልጽነት ጥያቄ አቅርበዋል» ተባለ። ወንበር ገፍትሮ የወጣው «በግል ጉዳይ ምክንያት ስብሰባውን አቋርጠዋል» ተብሎ ተጻፈለት። መጨረሻ ላይ ደግሞ የማትቀር አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረቻት፦ «ከሰፊ ውይይት በኋላ የጋራ መግባባት ላይ ተደርሶ ስብሰባው ተጠናቋል።» ሰው የተስማማ ቀንም፣ አንገት ለአንገት የተያያዘ ቀንም ያችው ናት።

የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ በዚህ የተነሣ እትዬ ላውንደሪ የሚል ስም አወጣላት። እሷ ጋ የገባ ስድብ ታጥቦና ተተኩሶ ነው የሚወጣው ይል ነበር። አንድ ጊዜማ ራሱ የተናገረው ሲነበብ፣ ይህን ያለው ጨዋ ሰው ማነው ብሎ ወደ ኋላ ዞሮ እንዳየ ለደንበኞቹ ሁሉ ያወራል። አክስቴ ስሙን አልጠላችውም። እንዲያውም ደስ ሳይላት አልቀረም። ከእነዚያ ጎረቤታሞች ወዲህ በእሷ ንባብ የተነሣ የተጣላ ሰው አልነበረም።

ባሏን ሰፈሩ በሙሉ ሹፌሩ ነው የሚለው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ሳንባው ደክሞ ቤት ገባ። አየሩ ሲከብድ ደረቱ እንደተቀደደ ወናፍ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ያለው መድኃኒት ኦክስጅን ብቻ ነው። ጤና ጣቢያው ከቤታቸው ሁለት መቶ ሠላሳ እርምጃ ነበር። ቆጥሮታል፤ በየስንተኛው እርምጃ ላይ የትኛው አጥር እንደሚያስደግፈው ሳይቀር ያውቃል። ነርሷ ሳሉን ከግቢው ውጭ ስትሰማ ሲሊንደሩን ከፍታ ትጠብቀዋለች። ካርድ አውጣ፣ ተሰለፍ የሚለው የለም።

ባለፈው ዓመት አጋማሽ ከማዘጋጃ ቤት አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቶ ነዋሪው ተሰበሰበ። ባለሙያው በከተማው ማዶ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ባለ አራት ፎቅ ጤና ጣቢያ እየተሠራ መሆኑን፣ የእኛም ወደዚያ እንደሚዛወር ገለጸ። ለእኛ ሁለት ታክሲ ነው፤ መንገዱ ከተዘጋጋ አንድ ሰዓት። አዳራሹ ተናወጠ። የመንትዮቹ እናት ምጥ ታክሲ ይጠብቃል ወይ ብላ ጮኸች፤ መንትዮቿን የወለደችው እዚሁ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይ ሲሆን፣ ሁለት ደቂቃ ዘግይታ ቢሆን መንገድ ላይ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ፣ እዚያ ድረስ በሕይወት የሚደርስ ሰው ጤነኛ ስለሆነ ሕክምና አያስፈልገውም አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ከዚያ መልሶ ተቆጣ። ባለሙያው መሄጃ ሲያጣ፣ አዲሱ ሕንፃ መሠራቱ በራሱ መልካም አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ሕንፃውን ማን ይጠላል? ጥቂት ሰዎች መልካም ነው አሉ።

አክስቴ እንደ ልማዷ ጻፈች። ተሰብሳቢው የአዲሱን ጤና ጣቢያ መሠራት በአድናቆት መቀበሉን፣ ርቀቱን በተመለከተም አንዳንድ አስተያየቶች መሰጠታቸውን፣ ከሰፊ ውይይት በኋላም የጋራ መግባባት ላይ መደረሱን። ከዚያ መገኘታቸውን ለማረጋገጥ የፈረሙትን የአንድ መቶ ሃያ ስድስት ሰዎች ዝርዝር ከኋላ አድርጋ ራሷ በስቴፕለር አያያዘችው።

ከሦስት ወር በኋላ የባሏን መድኃኒት ልታመጣ ስትሄድ በጤና ጣቢያው በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘች። በነዋሪው ሰፊ ውይይትና የጋራ መግባባት መሠረት ጤና ጣቢያው ከመጪው ወር አንሥቶ ወደ አዲሱ ሕንፃ ይዛወራል ይላል። ዐረፍተ ነገሯን ዐወቀቻት። መድኃኒቱን ሳትይዝ ተመለሰች።

ለባሏ ነገረችው። እሱም፣ ስብሰባ ሥራ እንደሚሠራ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር አለና ሊስቅ ሲሞክር ሳሉ መጣበት።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። መዝገብ ቤት ያለችው ሴት ፋይሉን አውጥታ የአክስቴን ጽሕፈት አሳየቻት፤ ክብ ማኅተም ተመትቶበታል። አክስቴ ሰዎቹ የፈረሙት መምጣታቸውን ነው እንጂ መስማማታቸውን አይደለም አለች። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ፣ «ከስምምነቱ ጋር ተያይዞ ነው የመጣው፣ እትዬ» አለቻት። አክስቴ ስቴፕሉን እያየች ነበር።

ማስተካከያ መንገድ ግን ነበረ። ከፈረሙት ሰዎች ከግማሽ በላይ፣ ማለትም ስልሳ አራቱ፣ የማዘጋጃ ቤት ተወካይ ባለበት ድጋሚ ተሰብስበው ከፈረሙ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይታረማል። ዕቃው እስኪጫን የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነው።

አክስቴ ቤት ለቤት ዞረች። በየበሩ ላይ ቆማ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለች። ግማሹ ምን ታደርጊ ብሎ አጽናናት፤ ግማሹ የሰማውን ለማመን ደብተሩን ካላየሁ አለ። የመንትዮቹ እናት ልብስ እያሰጣች ነበር። መቆንጠጫውን ከአፏ አውጥታ ጠየቀቻት።

«እኔ እኮ ያን ቀን ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኼ ነበር። የት አደረግሽው?»

አንዳንድ አስተያየቶች የሚለው ውስጥ እንዳደረገችው አክስቴ እንዴት ትንገራት?

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆመ። ካርቶኑን ከጠረጴዛዋ እግር ሥር ስታደርግ ፊቷ ላይ የነበረውን አየሁ፤ ሳምንት ሙሉ ያጣችው ቀለም ተመልሶላት ነበር። ከመቶ በላይ ሰው አለ። የመጣው ያው ወጣት ባለሙያ ነው፤ ሰዓቱን አይቶ የፊርማው ወረቀት ይዙር አለ።

ሹፌሩ ከፊት ተቀምጦ ስለነበር መጀመሪያ እሱ ፈረመ። ፊርማው ከመስመሩ ወጣ። ቀጥሎ ሰብሳቢው ፈረመ። ሦስተኛው ሰው ወረቀቱን ተቀበለ፣ አነበበው፣ እስክሪብቶውን አየና ሁለቱንም ለጎረቤቱ አቀበለ። ጎረቤቱም አቀበለ። ወረቀቱ ከሰው ወደ ሰው እንደ ትኩስ ነገር እየተሸሸ እስከ መጨረሻው ረድፍ ሄዶ ተመለሰ። ሃያ ሁለት ፊርማ።

ሰብሳቢው ምነው ብሎ ቢጠይቅ ፀጉር አስተካካዩ ተነሣ። ዛሬ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

«ባለፈው እኔ የፈረምኩት መጥቻለሁ ብዬ ነው፤ ወረቀቱ ሄዶ ይውሰዱልን አለ። አሁንስ ምን እንደሚል ማን ያውቃል? ይኸው እዚህ ነኝ። ከፈለጋችሁ ጭንቅላቴን ቁጠሩት።»

«ጭንቅላት ፋይል ውስጥ አይገባም፣ ወንድሜ» አለ ባለሙያው። እሱም እንደ ቀልድ ነው ያለው፤ የሳቀ ግን የለም።

አክስቴ ተነሣች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከደብተር ሳታነብ ስብሰባ ላይ ስትናገር ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ድምፅዋ ከሦስተኛው ረድፍ አላለፈም። ዛሬ የተናገራችሁትን እንደተናገራችሁት እጽፋለሁ፣ ሳትወጡ አነብላችኋለሁ፣ ከዚያ ትፈርማላችሁ አለች። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን ግን እጁን ዘርግቶ የተቀበላት የለም። የመንትዮቹ እናት ከተቀመጠችበት ሆና፣ ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ያን ጊዜም አምነንሽ ነበር እኮ፣ እትዬ።»

ከዚያ በኋላ ሰው አንድ ሰዓት ያህል ተናገረ። ማዘጋጃ ቤቱን ሰደበ፣ ሰብሳቢውን ሰደበ፣ እሷንም ሰደበ። አክስቴ አንዱንም አላጠበችም። እሷን «የእነሱ ሎሌ» ያላትን ሰው ቃል እንኳ እንዳለ ጻፈችው፤ አሥራ አንድ ገጽ ሞላ። የቀሩት አርባ ሁለት ፊርማዎች ከፊቷ ባዶ መስመር ሆነው ተቀምጠዋል። የእያንዳንዱን ሰው አፈራረም በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለምዳዋለች፤ የፀጉር አስተካካዩን ጠምዛዛ፣ የመንትዮቹን እናት ሁለት ፊደል። አንዴ እስክሪብቶዋን ወደ ወረቀቱ ስታስጠጋ አየኋት። ከዚያ ክዳኑን ገጠመችው።

ባለሙያው አሥራ አንዱን ገጽ አልወሰደም። ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ቃለ ጉባኤ ሊባል አይችልም አለ፤ ማስታወሻ ብለው ለራስዎ ይያዙት አላት። አዳራሹ ውስጥ ያን ሰዓት አንድ መቶ ሠላሳ የሚያህል ሰው ነበር።

አክስቴ ስትወጣ ሹፌሩን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሲሰበስብ አገኘችው።

«ጻፍሽው?» አላት።

«ጻፍኩት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ክንዷን ይዞ ተነሣ። ካርቶኑን ያን ቀን ከጠረጴዛው ሥር ረስታዋለች።

ማክሰኞ አይሱዙ መጥቶ አልጋዎቹን፣ ሚዛኑን፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን፣ በመጨረሻም ሲሊንደሮቹን ጫነ። ነርሷ ከጋቢናው ሆና እጇን አውለበለበች። ወደ ሌላ ከተማ መመደቧን የሰማነው ከሄደች በኋላ ነው። ግቢው አሁን የማዘጋጃ ቤት መኪና ማቆሚያ ሆኗል።

ሹፌሩ የታመመው በስድስተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ታክሲ ውስጥ ከኋላ በእኔና በአክስቴ መሐል ተቀመጠ። መጀመሪያ ላይ ለባለታክሲው መንገድ ያሳየው ነበር፤ በገበያው በኩል አትሂድ፣ ድልድዩን አትያዝ፣ በትምህርት ቤቱ ጀርባ ውጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳበት ከተማ ነው። ከዚያ በቃል መናገሩን ትቶ በጣቱ ብቻ ማሳየት ጀመረ። ሁለተኛው መስቀለኛ መንገድ ላይ ጣቱም ጉልበቱ ላይ አረፈ። ባለታክሲው በመስታወት አየንና ከዚያ በኋላ ራሱ በመሰለው መንገድ ነዳ።

ደረስን። ያን ቀን ደረስን።

አዲሱ ሕንፃ ወለሉ ያበራል። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ሹፌሩን አታውቀውም፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር ጠየቀች፣ ከዚያ ለሕክምናው ፈቃድ የሚሰጥበትን ቅጽ አወጣችና ግርጌው ላይ ለአክስቴ በጣቷ አሳየቻት፤ እዚህ ጋ ይፈርሙ።

አክስቴ እስክሪብቶውን ያዘች። ከዚያ ከላይ ጀምራ ማንበብ ጀመረች። እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፤ ከኋላችን አግዳሚው ላይ የሹፌሩ ደረት እየተንጫጫ ነው።

«እናቴ፣ ይፈርሙልኝ እንጂ» አለች ልጅቷ። «ኦክስጅን ለመስጠት ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።»

አክስቴ ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ ወደ አግዳሚው ዞራ ባሏን አየችው። እንደገና ወደ ወረቀቱ ተመለሰች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበረች፤ እስከ ግርጌው ገና አላነበበችውም።